ያስገዘትኩት ቤት

ጠርጣራ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጦ የተፋቀ ውጤት፣ ከድንች ተቀርጾ የተመታ ማኅተም፣ ከሌላ ሰው ካርድ ተገንጥሎ የተለጠፈ ፎቶ ሲያይ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወረቀት ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ሰው ስጦታ ይዞልኝ ሲመጣም ያው ነኝ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ በዚህ ጠባዬ ሲስቅብኝ ነው የኖረው። «አንቺ እኮ ደህና አደርሽ ሲሉሽ እንኳ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ እላለሁ።

ይህ ወንድሜ በወጣትነቱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሲዞር ግሪክ አገር ወረደና እዚያው ቀረ። የዚያን አገር ሴት አገባ፤ በኋላም ዜግነቱን ለወጠ። ልጅ አልወለዱም። ዜግነቱን ከመለወጡ በፊት ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ቦታ ተመርቶ ቤት ሠርቶ ነበር፤ በረንዳ ያለው ባለ አራት ክፍል፣ ከኋላው ደግሞ ጠባብ ሰርቪስ። ትዳሬ ፈርሶ ሻንጣዬን ይዤ የቆምኩ ጊዜ «ግቢና ኑሪበት፣ ቤቱንም ጠብቂልኝ» አለኝ። ሰርቪሱ ውስጥ ገባሁ። ትልቁን ቤት ለመምህራን አከራያለሁ፣ ጣራው ሲያፈስ አስጠግናለሁ፣ ግብሩን እከፍላለሁ። ግቢው ውስጥ ያለውን ማንጎ የተከልኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ እዚያው ባሕር ማዶ ሞቶ ተቀበረ። ቤቱን ሚስቱ ወረሰች። የእሱ ስም ከካርታው ላይ ሳይነሳ፣ እሷም አዲስ ውክልና ልካልኝ፣ ኑሮዬ እንደነበረው ቀጠለ። ከዚያ ሰርቪስ ብወጣ ግን የምገባበት አልነበረኝም። በደሞዜ ቤት ተከራይቼ እህል ልሸምት አልችልም። ቀጥሎ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ይህን እያሰብኩ ነው።

ከዚያ የብሩ ነገር መጣ። ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለና ብራችን በአንድ ሰሞን ቁልቁል ወረደ። ከጅጋ በእግሩ የመጣ ገበሬ የሽንኩርቱን ዋጋ ሲቆልልብኝ «ምነው?» ስለው «ዶላር ጨምሯል እኮ እቴ» አለኝ። «ሽንኩርቱን ዶላር ነው እንዴ ያጠጣኸው?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልቀነሰልኝም። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የማይነካ ሆነ። ውጭ ያሉ ሰዎች ያስጀመሯቸው ቤቶች ብረታቸውን ወደ ላይ እንደቀሰሩ ቆመው ቀሩ።

ደላሎች ደግሞ በሬን ማንኳኳት ጀመሩ። አንዱ መጥቶ «ውጭ ያለ ሰው አሁን ነው መግዛት ያለበት፤ በዶላር ሲመታ መንደሩ ሁሉ እርካሽ ነው፤ ለወንድምሽ ሚስት ንገሪያት» ይላል። በማግስቱ ሌላው ይመጣና «ውጭ ያለ ሰው አሁኑኑ መሸጥ አለበት፤ ብሩ ገና ይወርዳል፤ ከርሞ ቤቱን ሸጣ የአውሮፕላን ትኬትም አይወጣላት» ይለኛል። ሁለቱም እውነት ሊናገሩ አይችሉምና ሁለቱንም ጠረጠርኳቸው። ጎረቤቶቼ ደግሞ ፈረንጇ መንደሩን በጅምላ ልትገዛው ነው የሚል ወሬ ይዘው ዓይኔን ማየት ጀመሩ። ቡና ቤቱ ጋ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል።

እውነቱን ለማወቅ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የውጭ ዜጋ የወረሰው ቤት ዕጣው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሠራተኛው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «የውጭ ዜጋ ቤት ሊኖረው ይችላል ተብሏል» አለኝ። «እንዴት እንደሆነ የሚለው መመሪያ ግን ገና አልደረሰንም።» እኔ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መመሪያ ያልደረሰው ነገር ማንም እንደፈለገ የሚያደርገው ነገር ነው። የባሰ ተረብሼ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ከእኛ አራት ቤት ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ተሸጠ። ባለቤቱ የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው ነው፤ ብሩ ከዚህ በላይ ሳይወርድ ብሎ በስልክ ሸጠው። ቤቱን ስትጠብቅ የኖረችው አክስቱ መሸጡን ያወቀችው አዲሱ ባለቤት ቁልፍ ሊቀይር ሲመጣ ነው። ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስወጣ ፍራሿና ምጣዷ መንገድ ላይ ተደርድሮ፣ እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ አጠገቡ ቆማ አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ለእኔ አልነገረኝም እኮ» ብቻ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ።

ይህ በሆነ በወሩ የወንድሜ ሚስት ደወለች። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ የእሷ የሆቴል። አማርኛዋ «ደህና ነሽ፣ በቃ፣ እህቴ» ከማለት አያልፍም ነበር። «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» አለችኝ። «መምህራኑ ሲለቁ ትልቁን ቤት ለሌላ እንዳታከራዪ። ወረቀቶቹን ሁሉ አዘጋጂ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ስልኩ እንደተዘጋ ፍራሼ መንገድ ላይ ታየኝ። ቤት ሻጭ ካልሆነ ማነው ተከራይ አታስገቢ፣ ወረቀት አዘጋጂ የሚለው? ፍርድ ቤት ሄጄ እግድ ላወጣ አሰብኩ፤ ግን በምን ወረቀት? ወራሽ እሷ ናት። በሕግ የያዝኩት ነገር ውክልና ብቻ ነው፤ እሱንም የሰጠችኝ እሷው ናት።

ስለዚህ ወደማውቀው ሄድኩ። የአባታችን የንስሐ አባት የነበሩ፣ በኋላ መንኩሰው ከቡሬ በሽንዲ መንገድ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተቀመጡ አባት አሉ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ነበርና በሚኒባስ ቡሬ ደረስኩ፣ ከዚያ በእግሬ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ። አባ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ግን ለዩት።

«ተየት መጣሽ ልጄ? ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ አባቴ። ግዝት ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

የእኛ አገር ሰው ግዝት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ላላደገበት ግን፣ ካህን መስቀሉን ይዞ ይህን ያደረገ የተወገዘ ይሁን ካለ፣ ያንን ነገር የሚደፍር የለም፤ የደፈረም ቢታመም፣ ከብቱ ቢያልቅ፣ ሰው ምክንያት አይፈልግለትም። የሚፈታውም ያው ያሰረው ካህን ነው። አባ ነገሬን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግዝትማ ለወሰን ገፊ ነው፣ ለእህል ሌባ ነው እንጂ። ይች ሴት ምን በደለችሽ?»

«ልትበድለኝ ነው አባቴ። ልትሸጠው ነው።»

«አለችሽ?»

«አላለችኝም። ሌላ ምን ልትለኝ ትችላለች?»

ብዙ ለመንኳቸው። ጎረቤቴ ከነፍራሿ መንገድ ላይ እንደቆመች ነገርኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉና ቃሉን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ቃል ሲያረቅቅ ቀዳዳ አይተውም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ የአጎቶቼን ልጆችም፣ ደላሎቹንም ጠርጥሬያለሁ። «የወንድሜን ስም ከዚያ ቤት ላይ አንስቶ በቦታው ሌላ ስም የሚያስገባ፣ የሚሰጥም የሚቀበልም፣ የተገዘተ ይሁን» በሉልኝ አልኳቸው።

«ዘመድ ቢሆንስ?»

«ዘመድም ባዕድም።»

«አንቺስ ብትሆኚ?»

ደሜ ፈላ። እኔን እንደ ሌባ የጠረጠሩኝ መሰለኝ። «እኔም ብሆን!» አልኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ዞር ብለው አዩኝ። አባ ተነሥተው በመስቀላቸው፣ እኔ ባረቀቅኩት ቃል፣ አንዲት ሳያጎድሉ ገዘቱልኝ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ አፉ ከሁሉ ለሚሰፋው ደላላ። ሳምንት አልሞላውም፣ ደላላ የሚባል ከደጄ ጠፋ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወር በኋላ ጠግቤ በላሁ።

ፋሲካና ሃምሳው ቀን ካለፈ በኋላ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ። ረቡዕ ዕለት እንቁላል ሳቀርብላት «ጾም ነው» ብላ ገፋችው፤ እነሱም እንደኛው ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ ለካ። ጎረቤት ሁሉ በዚያች በእንቁላሏ ወደዳት። እኔ ግን እንኳን በእንቁላል በመሐላም አልታለልም። ቤቱን በስልኳ ስታነሳ ለገዢ ልታሳይ ነው አልኩ። ግድግዳውን በእጇ ስትዳስስ ጥንካሬውን እየገመተች ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን የመታወቂያዬን ኮፒ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት፤ ግን በኮፒው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አስምሬ «ለቤት ጉዳይ ብቻ» ብዬ ጻፍኩበት። አይታ ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ ሌሊቱን ሙሉ መረመርኳት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ስለ ራሷ ነገረችኝ። ወንድሜ ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም።

አገሯ ደሴት ነው። በወጣትነቷ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት እዚያ የበጋ ቤት ነበራቸው፤ እሷ ቁልፋቸውን ይዛ፣ ከኋላ ባለች ክፍል እየኖረች፣ ቤታቸውን ስትጠብቅ ኖረች። ወንድሜን ካገባች በኋላም ሁለቱ የኖሩት በዚያችው ክፍል ነው። ከዚያ የአገሯ ገንዘብ ተቃወሰ። ባንኮች በር ዘጉ፤ ሰው የራሱን ገንዘብ ለማውጣት ማሽን ፊት ተሰልፎ ይውላል። በቤት ላይ አዲስ ግብር መጣ። የውጭ አገር ባለቤቶች ፈሩ፤ ቀድሞ የሸጠ ተረፈ፣ የዘገየው ገዢ አጣ። እነዚያ ባልና ሚስት ቀድመው ሸጡ።

«አልነገሩኝም» አለችኝ። «አዲሱ ሰውዬ መጣ፣ ቁልፉን አምጪ አለኝ። ባልሽ» አለች፣ ወንድሜን ማለቷ ነው፣ «ያኔ ባሕር ላይ ነበር። ዕቃዬን ብቻዬን ወደ መንገድ አወጣሁ።»

አሁን የእኛ ብር ሲወርድ በዜና እንደሰማች፣ የመጀመሪያ ሐሳቧ እኔ መሆኔን ነገረችኝ። ያች አገር ያን ጊዜ የሆነችውን ይች አገር አሁን ልትሆን ትችላለች፤ የውጭ ሰው ቤት ነገ ምን ግብር፣ ምን ሕግ እንደሚመጣበት አይታወቅም፤ እሷም ብትሞት ወራሾቿ የማያውቁኝ የእህቷ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በሕይወት ሳለች፣ መንገዱም ሳይዘጋ፣ ቤቱን በስጦታ በእኔ ስም ልታዞር መጣች። በስልክ ያልነገረችኝ እምቢ እንዳልል ፈርታ ነው። «ወንድምሽ ኩሩ ናት ይልሽ ነበር» አለችኝ።

የራሷን ባል፣ የእኔን ወንድም፣ «ባልሽ» እያለች ቋንቋ የሚምታታባት ሴት እንዲህ አሰበችልኝ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ እፍረቴን ልንገር፣ «ከየትኛው ግብር ልታመልጥ ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግዝቱ ነው። የሚሰጥም የሚቀበልም። ዘመድም ባዕድም። እኔም ብሆን።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ የሚሰካው ሠራተኛ ደስ ብሎት ተቀበለን፤ ከውጭ ዜጋ ወደ ኢትዮጵያዊ የሚዞር ቤት መመሪያ አያስቸግርም። ወረቀቱን ዘረጋ። እሷ ልትፈርም ጎንበስ ስትል እጇን ያዝኳት። የሚሰጥም ተብሏላ። እሷም ልትታሰር ነው፣ በማታውቀው ነገር።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የነፍስ አባቴን ሳላማክር አይሆንም» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። ያንን ዓይን አወቅኩት፤ የእኔ ዓይን ነው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ልታይ የፈለገች ይመስል ነበር። «እንግዲያው እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አለች።

ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሙሉ ልነግራት አፌን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ግን ብትሸጠውስ፣ ተናዳ ትታኝ ብትሄድስ እላለሁ። እሷ ጭቃውን በዱላ እየመታች፣ ላገኘችው ገበሬ ሁሉ «ደህና ነሽ» እያለች ትሄዳለች፤ ለወንዱም ለሴቱም። ገበሬዎቹ ይሥቃሉ። እኔ አልሳቅኩም።

አባ ከዛፉ ሥር ነበሩ። በእኔ በኩል የሆነውን በአማርኛ ነገርኳቸው። እሷ አጠገቤ እጇን አጣምራ ቆማለች። አባ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«እኔ ያሰርሁትን እፈታዋለሁ» አሉኝ። «ግን የተገዘተባት እሷ ናት። ጠርጥረሻት ያስገዘትሽ መሆኑን ንገሪያት። ይቅር ካለችሽ አሁኑኑ እፈታለሁ። ካላለችሽ አልፈታም።»

በዚያ ሜዳ ላይ የሁለቱንም ቋንቋ የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ እሷ ዞርኩ። ነጭ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ጫማዋ ጭቃ ውጦታል። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ አልወጣም አለኝ። «አባ የሚጠይቁሽ» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ «ቤቱን በሙሉ ልብሽ ትሰጪኛለሽ ወይ ነው።»

አባን አየች፣ እኔን አየች። ቆየት ብላ «አዎ» አለች፣ በአማርኛ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

አባ መስቀላቸውን አነሡ። ራሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ለእሷም እንደዚያው አደረጉላት። ተንበርክኬ ሳለ አፈር አፈር ሸተተኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

በሳምንቱ ፈረምን። ስሜ ካርታው ላይ ገባ። ጎረቤቶች እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጡ፤ ወሬያቸውን ቀድመው ሌላ ቤት አዛውረው ነበር።

የምትሄድ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ከአንገቷ ክር አውልቃ የወንድሜን የፊት በር ቁልፍ እጄ ላይ አኖረች፤ ጣቶቼን አጥፋ ጨበጠችልኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለችኝ። አጥርታ፣ ፊደል ሳታጎድል።

አባ ሲሉ ሰምታ፣ የምርቃት ቃል መስሏት የያዘችው ሊሆን ይችላል። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ከወንድሜ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ስንት ዓመት ኖራለች፤ እሱ ደግሞ በአማርኛ ካልሆነ መናደድም መጸለይም የማይችል ሰው ነበር። ያን ቀን ከዛፉ ሥር ምን ያህሉን ሰማች? አባ ሲጠይቁኝ፣ እኔም ስዋሽ፣ ቆየት ብላ ያለችው ያ «አዎ» ለማን ጥያቄ ነበር?

በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች። ስለ ማንጎው ትጠይቀኛለች፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ብሩ። እኔ ድምፅዋን ገልብጬ ጀርባውን እፈልጋለሁ፤ ምንም አላገኘሁበትም። ልጠይቃት አልደፈርኩም። መምህራኑ ከለቀቁ ወዲህ ትልቁ ቤት ባዶውን ነው፤ በየቅዳሜው እከፍተዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ እቆልፈዋለሁ። የምኖረው አሁንም ሰርቪሱ ውስጥ ነው።